እትዬ አሰገደችና ቀበጧ

ስልኬ ሲጠራ የነብር ሥዕል ያለበትን የቻይና ብርድ ልብስ ለአንዲት ገዢ ዘርግቼ እያሳየሁ ነበር። ሾላ ገበያ ቅዳሜ ቀን ስልክ ቀርቶ አጠገብ የቆመ ሰው የሚናገረውም በደንብ አይሰማም። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ አነሳሁት። የማላውቃት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ይርበተበታል።

«ሰናይት ነዎት? የእማማ አሰገደች ጓደኛ? ሀዊ እባላለሁ፤ ዱከም አብረን ነው የምንሠራው። ስልክዎን አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፈውት አግኝቼ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«ዛሬ ጠዋት አረፉ።»

መርዶ በእኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፤ ከዚያ በፊትም «ትንሽ አሟቸዋል፣ ጠንቶባቸዋል» እየተባለ ልብ ቀስ በቀስ ይዘጋጃል። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ልጅ ናት፤ ምን ታድርግ? ደግሞም እትዬ አሰገደች እራሳቸው ነገር ማለሳለስ የሚባል አያውቁም ነበር፤ ቢጠየቁ ኖሮ መርዷቸው እንዲህ በአጭሩ እንዲነገር የሚመርጡ ይመስለኛል።

«ሌላም የምጠይቅዎት ነገር ነበረኝ» አለች ሀዊ፤ «አሁን ግን አይሆንም። ዕቃቸውን ለመውሰድ ሲመጡ እጠይቅዎታለሁ።»

ገዢዋ ነብሩን እያሻሸች «የመጨረሻው ስንት ነው?» ትለኛለች። ከእጇ ወስጄ አጣጠፍኩትና «ዛሬ አልሸጥም» አልኳት። እንደ እብድ አይታኝ ሄደች።

በማግሥቱ ከዱከም አምጥተን የካ ሚካኤል ቀበርናቸው። አብረን የሠራንበት የድሮው ፋብሪካ ሠራተኛ ያለ የሌለው መጥቶ ነበር። እኛ ስንገናኝ ደግሞ ጉድ ነው። ማሽን ሥር ያረጀ ጆሮ ስላለን በሹክሹክታ ማውራት አንችልም፤ ቀብር ላይም ቢሆን እንጮኻለን። ቄሱ ፍትሐቱን አቋርጠው ዞር ብለው አዩን። አንዷ ሌላዋን «ዝም በይ እያሉሽ ነው!» ብላ ከቄሱ በላይ ጮኸች። ዕንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። እርሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ሁላችንንም በክርናቸው ይደቁሱን ነበር።

እትዬ አሰገደችን ቁጭ ብለው ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ አላየሁም። ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉት። ለቅሶ ቤት ገብተው ወንበር ሲሰጣቸው «ተዉኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው ውሃ ያቀብላሉ፤ ውሃ የሚያቀብል ሰው ካለ ድንኳኑ መርገቡን አይተው ገመዱን ይወጥራሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚወዱትም ለእግዚአብሔር ሲሉ ብቻ አይመስለኝም፤ ሰው ሁሉ የሚቆምበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ ጭምር ነው። ሲያናግሩን የልብሳችንን ጫፍ ይዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ያሹታል። ነጠላም ሆነ ሹራብ፣ ርካሽ ከሆነ ፊታቸው ይናገራል። አንድ ጊዜ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ለሠራተኛው ንግግር ሲያደርግ ከጎኑ ቆመው የኮቱን እጅጌ ማሸት ጀመሩ። ሰውዬው ወደ እጅጌው እያየ የሚናገረው ጠፍቶበት «ስለዚህ... ስለዚህ...» እያለ ቀረ።

ፋብሪካው ከጉርድ ሾላ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ብርድ ልብስ ነው የሚሠራው፤ ግራጫ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ያለው። ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል፣ ግን ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደውን ብርድ የሚያቆመው እሱ ብቻ ነበር። በየካ ያን ብርድ ልብስ ያልለበሰ፣ በእርሱ ያልታቀፈ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እትዬ አሰገደች የሽመና ክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የፈረቃው አለቃ ነበሩ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የገባሁ፣ እጄ ከእስክሪብቶ ሌላ የማያውቅ ልጅ።

የሽመናው አዳራሽ በር ሲከፈት ጩኸቱ ደረቴን ገፋኝ። እትዬ አሰገደች አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ለጥፈው «ጆሮሽ እዚህ አይሠራም! የቀጠርነው ዓይንሽንና እግርሽን ነው!» አሉኝ። ከማሽን ማሽን እየዞሩ የተበጠሰ ክር ፈልጎ መቀጠል ነው ሥራው። በመጀመሪያው ሳምንት እግሬ ሲዝል ባዶ የክር ሳጥን ገለበጥኩና ተቀመጥኩ። መጥተው ሳጥኑን በእግራቸው ከሥሬ ገፉት። መሬት ላይ ዘጭ!

«የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ የፋብሪካ ሸማኔ ይዞራል!»

ተነሥቼ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩባቸው። የማሽኑ ጩኸት ስለሚውጠው ደፍሬ ነው። እርሳቸው አፍ አፌን አይተው ሄዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ስድቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ደገሙልኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የኖረ ሰው ከንፈር እንደሚያነብ ማን ነግሮኝ! «የመጨረሻዋ ጥሩ ናት፤ ከየት አመጣሻት?» ብለው ዳቦአቸውን ገምሰው ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው፤ እፈራቸውም ነበር።

ማሽኖቹ ሁሉ የሚጠሩት በቁጥር ነው። አንዷ ብቻ ስም አላት፤ «ቀበጧ»። በማይረባ ምክንያት ትቆማለች። ሲበርድ ትቆማለች፣ ክሩ ትንሽ ከሻከረ ትቆማለች፣ አለቃ ሊጎበኝ ሲመጣ ደግሞ የግድ ትቆማለች። እትዬ አሰገደች በጎኗ ያለውን መዘውር፣ ትልቁን የብረት መንኮራኩር፣ በእጃቸው ቀስ አድርገው ያዞሩና «በይ እንግዲህ፣ አታሳፍሪኝ» ብለው ሞተሩን ያስነሳሉ። ትነሣለች። ሌላ ሰው እንዲያ ቢላት አትሰማም። እያደር ይህን ለሁሉም ማሽን ሕግ አደረጉት፤ ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ በእጅ መዞር አለበት። መካኒኩ ጋሽ ሉቃስ፣ ከሆሳዕና የመጣ ረጋ ያለ ሰው፣ «አሰገደች፣ አያስፈልግም እኮ፤ ሞተር ለምን ተፈጠረ?» ይላቸዋል።

«አንተ ጠዋት ስትነሣ ሳትንጠራራ ትሮጣለህ?»

«እኔ ብረት አይደለሁም።»

«ብረት ብትሆን ይሻልህ ነበር፤ ትሠራ ነበር።»

ሲጣሉ ነው የሚውሉት። አንዱ ሲቀር ግን ሌላው «የት ሄዶ ነው?» እያለ በር በሩን ያያል።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ገበያው ተከፈተ ተባለ። ተከፈተ ማለት ምን እንደሆነ የገባን ሾላ ገበያ ላይ ነብርና ጽጌረዳ የታተመባቸው ብርድ ልብሶች ተቆልለው ስናይ ነው። እንደ ጥጥ ይለሰልሳሉ፣ ቀላል ናቸው፣ ደግሞ ከእኛው ይረክሳሉ። እናቴ እንኳን ደብቃኝ አንድ ገዛች። ዕቃ ቤት ሽንኩርት ላመጣ ስገባ ነብሩ ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቀኝ። ለእትዬ አሰገደች ስነግራቸው «እናትሽ ምን ታድርግ፣ ይለሰልሳላ» አሉኝ።

ሦስቱ ፈረቃ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አንድ። ፈረቃ ሲገባ የሚጮኸው ሳይረንም ቀረ። በሳይረኑ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት የሚቀሰቅሱ የሠፈሩ ሴቶች ሰዓቱ ጠፋብን እያሉ ተማረሩ። በር ላይ ሻይና ፓስቲ የሚሸጡት ዕቃቸውን ሸክፈው ሌላ በር ፍለጋ ሄዱ። በመጨረሻ ፋብሪካው ለአንድ ባለሀብት ተሸጠ። ባለሀብቱን በዓይናችን አላየነውም። ያየነው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ነው፤ ሠራተኞች ለጊዜው ዕረፍት ውጡ ይላል።

«ዕረፍት ነው ያሉት» አሉ እትዬ አሰገደች፤ «ዕረፍት ደግሞ ያልቃል።»

አላለቀም። ከእኛ መሀል አንዳንዷ እንጦጦ እየወጣች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ጀመረች፤ አንዳንዷ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች። እኔ ሾላ ገበያ ጥግ አግኝቼ መነገድ ያዝኩ። ምን እንደምነግድ ነብሩን አይታችሁታል፤ ደግሜ መናገር አያስፈልገኝም። እትዬ አሰገደች መጥተው ጫፉን አሽተው «ይኼ ልብስ ነው ወይስ ላስቲክ?» ሲሉኝ «ላስቲክ ነው፤ እንጀራ ግን ያበላል» አልኳቸው። አልተቀየሙኝም።

እርሳቸውን ያስጨነቃቸው የእንጀራ ነገር ሳይሆን የዝገት ነገር ነው። የካ ክረምቱ ክፉ ነው፤ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ በተሰበረው መስኮት ይገባል። የቆመ ማሽን በዚያ እርጥበት አንድ ክረምት ከከረመ መዘውሩ ይነክሳል፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻም አይላቀቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ በሩ ሄዱ። ጥበቃው ጋሽ ዳምጤ የድሮ ወታደር ነው።

«ሰው እንዳላስገባ ተነግሮኛል» አላቸው።

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? እኔ ሽመና ክፍል ነኝ።»

ሳቀና ከፈተላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻውን በዚያ ባዶ ግቢ ሲውል ሰው ናፍቆት ነበር።

ጋሽ ሉቃስና እኔም ተከተልናቸው፤ በየሳምንቱ ማሽኖቹን እንዳይዝጉ በእጅ ለማዞር ቀን መምረጥ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። እሁድ ሰንበት ነው። ቅዳሜም ሰንበት ነው። ረቡዕና ዓርብ ፆም ስለሆነ ጉልበት የለም። ጋሽ ሉቃስ «ለእኔ ሁሉም ቀን የጌታ ነው» ሲል እትዬ አሰገደች «ለዚህ ነው እናንተ ጴንጤዎች ዕረፍት የማታውቁት» አሉት። ዕረፍት ሲያወሩ የሰማቸው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ ሐሙስ ተመረጠ። ሐሙስ ሚካኤል ወይም ማርያም የዋለ እንደሆነ ደግሞ ጋሽ ሉቃስ ብቻ ያዞራል፣ እኛ ዘይትና የማሽን ቅባቱን ግራሶ እናቀብላለን። ማቀበል ሥራ አይባልም ብለው የፈረዱት ራሳቸው እትዬ አሰገደች ናቸው፤ የየትኛው መጽሐፍ ፍርድ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

እንዲህ ሆነን ክረምትና በጋ አፈራረቅን። ጋሽ ሉቃስ ከጉርድ ሾላ ጋራዦች ያገለገለ ዘይት ለምኖ ያመጣል። እኔ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ እመጣለሁ። እትዬ አሰገደች ከመጀመሪያው ማሽን ጀምረው እያዞሩ ቀበጧ ጋ ይደርሳሉ፤ እሷን የመጨረሻ ያደርጓታል። በዚያ ድሮ በሚጮህ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው የርግቦች ክንፍና የመዘውሩ ጩቅ፣ ጩቅ ነው። ጸጥታውን ማናችንም አልለመድነውም። እኔን ያቁነጠንጠኝ ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ለማን ነው የምናዞረው ግን?»

«ለሚመጣው።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሚመጣ ሰው ዝጎ ካገኘው ግን ይመለሳል።»

መጡ። ጋሽ ዳምጤ አንድ ሐሙስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ማሽኖቹ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ሰው ይፈለጋል፣ ተብሎ ከላይ ተነግሮታል። እትዬ አሰገደች ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ሠፈር ተመለሱ። ዕረፍቱ አለቀ! ቱታቸውን አጥበው ተኮሱ። ቤት ለቤት ዞሩ። በቀጠሮው ቀን ፋብሪካው አጥር ዙሪያ የነበረው ሰው የጥምቀት ዕለት ይመስል ነበር። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የወረዱት የድሮ ሸማኔዎች እንኳ ሸክማቸውን ግንቡ ሥር ደርድረው በመስኮት ያያሉ።

መብራቱ ተቀጠለ። ጋሽ ሉቃስ ድሩን ወጠረ። እትዬ አሰገደች የቀበጧን መዘውር አዙረው «በይ እንግዲህ» አሏት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀብጥ ተነሣች። ያ ጩኸት ሲመለስ አንገቴ ሥር ያለው ፀጉር ቆመ። ግራጫው መጣ፣ ቀዩ መስመር መጣ። በመስኮቱ በኩል እልልታው ቀለጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሡ፣ ማሽኗን ዙሪያዋን እየዞሩ መታ መታ አደረጓት። አብሯቸው የመጣው የባለሀብቱ ወኪል ሲወጣ የእትዬ አሰገደችን ትከሻ ነካ አድርጎ «በርቱ፣ እማማ» አላቸው።

ያን ቀን ከፋብሪካው እስከ ቤታቸው ያገኙትን ሰው ሁሉ አቆሙ። «በርቱ አለኝ! ሥራ ለሌለው ሰው በርቱ ይባላል እንዴ? ሊጀምሩ ነው እንጂ!»

ብዙም ሳይቆይ ትልልቅ የጭነት መኪናዎችና ክሬን መጡ። ለማስጀመር ሳይሆን ለመውሰድ። እንግዶቹ ገዢዎች ነበሩ። ግቢው ደግሞ ለሕንፃ ይፈለጋል።

ወሬውን ሰምቼ ከሾላ በሩጫ ስደርስ እትዬ አሰገደች የሚጮኹ መስሎኝ ነበር። ይጮኹ ነበር፣ ግን በጫኞቹ ላይ ነው። «በጎኗ አታስተኛት! አንተ፣ ሰንሰለቱን እዚያ ጋ አታድርግ፣ ይሰብራታል!» መጋዘን ውስጥ የቀሩትን ግራጫ ብርድ ልብሶች እየጎተቱ አውጥተው ማሽኖቹን መጠቅለል ጀመሩ፤ እንዳይፋጩ፣ እንዳይላጡ። ጋሽ ሉቃስ መሀል ግቢ ቆሞ ያያቸዋል። በሕይወቴ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ተዪያት!» አላቸው። «ባናዞራት ኖሮ እኮ ማንም አይገዛትም ነበር! ዝጋ፣ ነክሳ፣ እዚሁ ትቀር ነበር። በገዛ እጃችን ነው ለገበያ ያዘጋጀናት! ሐሙስ ሐሙስ! ስንት ክረምት! ይኸው፣ በይ አሁን ጠቅልያት!»

ቀበጧን ጠቀለሉ። መኪናው ሲወጣ ከኋላው ተከትለው እስከ አስፋልቱ ሄዱ። ከጭነቱ ተርፎ የተንጠለጠለውን የብርድ ልብስ ጫፍ በሁለት ጣታቸው እያሹ ነው የሚራመዱት። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ጨርቁ ከእጃቸው ወጣ። ጋሽ ሉቃስ ከዚያ ወዲያ ማሽን የሚባል ነገር አልነካም፤ የጸሎት ቤታቸው ጥበቃ ሆነ። ጓዳው ውስጥ የነበሩትን መፍቻዎች እንኳ ለሰው ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ማስታወስ አልወድም። እትዬ አሰገደች መላ ቅጣቸው ጠፋ። ጠዋት የካ ሚካኤል ይታያሉ፣ ቀትር ላይ ሾላ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «እንጦጦ መንገድ ላይ አየናቸው» ይሉኛል። ቅጠል መሸከም ሞክረው ሸክሙ ሳይሆን የሴቶቹ ማረፊያ ቦታ አስመረራቸው፤ «በየመታጠፊያው ቁጭ ይላሉ» አሉኝ። ሽሮ ሜዳ ሄደው ከሸማኔዎቹ ጋር ልሥራ ቢሉ ሽመና የወንድ ሥራ ነው ብለው ሳቁባቸው። የእኔን ሱቅ ጠብቁልኝ ብዬ ባስቀምጣቸው ከገዢው ፊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ሰው አስደነገጡ። ዓይናቸው ሁልጊዜ የተበጠሰ ክር የሚፈልግ ነው። አብሬያቸው ስሆን እኔም መቀመጥ ያቅተኛል። ሳላገኛቸው ስውል ደግሞ ምን ሆነው ይሆን እያልኩ መንገደኛውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። እኛ ነበርን ያለናቸው፣ እኛ ደግሞ ተበትነናል።

አንድ ማለዳ ሱቄን ስከፍት የልብስ ጥቅልል ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ቀበጧ ዱከም ናት።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሾፌሩን አገኘሁት። ጉርድ ሾላ ሲጭን የነበረውን ሁሉ እየጠየቅኩ።»

«እና?»

«እና ምን? ልሄድ ነዋ።»

«በዚህ ዕድሜዎ ማን ይቀጥርዎታል?»

«መጥረጊያ ለመያዝ ዕድሜ ይጠየቃል?»

መገናኛ ድረስ ልንሸኛቸው ጋሽ ሉቃስና እኔ ሄድን። የታክሲው ረዳት «ዱከም! ዱከም! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። እትዬ አሰገደች እግራቸውን ደረጃው ላይ ካደረጉ በኋላ ወደ ጋሽ ሉቃስ ዞሩ።

«አንተ፣ ያን ቀን ያልከኝን ሳላምጠው ነው የከረምኩት። እውነትህን ነው። ባናዞራት ኖሮ እዚሁ ትቀር ነበር። ግን ምን ሆና? ቁራሌው ቆራርጦ በኪሎ ሊወስዳት! ይኸው አሁን የሆነች ልጅ ትሠራባታለች።»

«እኛስ?» አላቸው ጋሽ ሉቃስ።

ረዳቱ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ!» ብሎ በሩን ጎተተው።

በጽዳት ሠራተኛነት ቀጠሯቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉልኛል። ስልክ ላይ ሲጮኹ ገበያው ሁሉ ይሰማል። «ሰናይት! ትሰሚያለሽ?» «እኔማ እሰማለሁ፣ የማይሰሙት እርስዎ ነዎት!» ቀበጧን አረንጓዴ ቀለም እንደቀቧት፣ ቀለሙ እንዳላማረባት፣ ሀዊ የምትባል ልጅ እንደያዘቻት፣ ልጅቷ እጇ ጥሩ እንደሆነ፣ መቀመጥ ብቻ እንደምታበዛ ይነግሩኛል። ስለ ራሳቸው ጤና ስጠይቃቸው መስመሩ ይበላሻል። ሄጄ ላያቸው ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል አልሄድኩም።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃቸውን ልናነሣ ከጋሽ ሉቃስ ጋር ዱከም ሄድን። የኪራይ ክፍላቸው ውስጥ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ ቀይ መስመር ያለው ግራጫ ብርድ ልብስ። ወንበር የለም። ግድግዳው ላይ የእኔ ቁጥር ትልልቅ ሆኖ በከሰል ተጽፏል። ጋሽ ሉቃስ ብርድ ልብሱን ሲያጣጥፍ ጫፉን ይዞ በጣቱ ሲያሸው አየሁትና ፊቴን አዞርኩ።

ሀዊ መጥታ ወደ ፋብሪካው ወሰደችን። ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ ናት። መብራት ጠፍቶ ነበር። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ፣ አንዷ የክር ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። ቀበጧን ወዲያው ለየኋት። አረንጓዴው እውነትም አላማረባትም።

«ልጠይቅዎት የነበረው ይኼን ነው» አለችኝ ሀዊ። «መብራት ሲጠፋ እማማ ሁላችንንም አስነሥተው ማሽኖቹን በእጅ ያስዞሩን ነበር። አሁን ደግሞ ፋብሪካው ሊሸጥ ነው፣ ማሽኖቹ ሌላ ቦታ ሊሄዱ ነው እየተባለ ነው። ልጆቹ ‹ለሚሸጥ ነገር ለምን እንደክማለን፣ ይዝግ ተዉት› ይላሉ። እማማ ‹የቸገረሽን ሰናይትን ጠይቂ፣ እሷ ታውቃለች› ብለውኝ ነበር። እናዙረው ወይስ እንተወው?»

ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። ምን እላለሁ? አዙሩ ብላቸው የእኛን ዕጣ እየሰጠኋቸው ነው። ተዉት ብላቸው እትዬ አሰገደችን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ሾላ ገበያ ላይ ላስቲክ የምሸጥ ሴት ነኝ እኔ፤ ምን አውቃለሁ? ተናደድኩባቸው፣ በሞታቸውም፣ ይህን ጥያቄ ትከሻዬ ላይ ጥለው በመሄዳቸውም። ወደ ጋሽ ሉቃስ ዞርኩ።

እርሱ እኛን አያይም። ቀበጧ አጠገብ ቆሟል። መዳፉን መዘውሩ ላይ አድርጎ ትንሽ ገፋ አደረገው፤ ቅባት ደርቆበት ነበር፣ እንቢ አለው። ጆሮውን አስጠግቶ ደግሞ ገፋው። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ለእኔ ሰጠኝ፤ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ሳጥኑ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ «ተነሺ» አላት፣ ወደ ሀዊም ዞሮ፦

«ግራሶ የት ነው የምታስቀምጡት?»